ከላይም በሽታ በኋላም ጤና አለ

የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። በላይም በሽታ ተይዞ የታዘዘለትን መድኃኒት ከጨረሰ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሕመሙ ያልለቀቀው ሰው ይድናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ራስን ማታለል አይደለም። ይህን ተስፋ የሚያጠፉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ «ምንም የለብሽም» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪምና «ያለ እኔ አትድኚም» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ነጋዴ። ሁለቱንም በቅርብ አይቻለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲ እሠራለሁ፤ ታላቅ እህቴንም በዚህ በሽታ አስታምሜያለሁ።

እህቴ ከደሴ መጥታ እዚህ መኖር ከጀመረች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ሥራዋ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ነው። ከቤቷ ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ጎመን፣ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ቃሪያ ትተክላለች። ከጓሮዋ ማዶ ጫካ ስላለ አጋዘኖች እየገቡ ጎመኗን ይበሉባታል። አንድ ሰኔ ላይ ባቷ ላይ የጠቆረ ነገር ወጣባት። አልጋ ስታነጥፍ የተጋጨች መስሏት ዝም አለችው። ከሳምንታት በኋላ ግማሽ ፊቷ ወደቀ፤ ዐይኗ አልከደን፣ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ጎረቤት «ብርድ መትቷት ነው» አለ፤ እኛ ስትሮክ መስሎን ድንገተኛ ክፍል ይዘናት ሮጥን። እዚያ ያገኘናት ወጣት ሐኪም ጓሮ እንዳላት ጠየቀቻት። በሽታው የታወቀው በዚያ ጥያቄ ነው።

ላይምን የምታስተላልፈው መዥገር ናት። አገር ቤት መዥገርን የምናውቃት ከከብት ጆሮና ጡት ላይ ነው። የአሜሪካዋ በአይጥና በአጋዘን ላይ የምትኖር፣ ገና ሳታድግ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንስ፣ ስትነክስም የማታሳምም ናት። ባክቴሪያውን የምታስተላልፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ ስትቆይ ስለሆነ፣ ከጓሮ ወይም ከፓርክ ሲመለሱ ብብትን፣ ከጉልበት ኋላና የልጆችን ፀጉር ሥር መፈተሽ ብዙ መከራ ያስቀራል። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በየዓመቱ 476,000 ያህል ሰዎች ላይም አለባችሁ ተብለው እንደሚታከሙ ይገምታል። በሽታው ከሚገኝባቸው ግዛቶች መካከል ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሉበት፤ እኛ ኢትዮጵያውያንም በብዛት የሰፈርነው እዚሁ ነው።

ቆዳችንም ነገሩን ያዘገየዋል። ከተያዙት ሰዎች 70 እስከ 80 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ምልክት ይወጣል። በመማሪያ መጻሕፍት የሚታየው አብዛኛው ፎቶግራፍ በነጭ ቆዳ ላይ ያለ ቀይ ክብ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይና እንደ ብልዝ ጠቁሮ ሊቀር ይችላል። ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮቹ ይልቅ በሽታው ወደ ነርቭና ወደ መገጣጠሚያ ከተዛመተ በኋላ እንደሚታወቅላቸው ጥናቶች አሳይተዋል። የደም ምርመራውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ጊዜ በሽታውን አያሳይም።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በጊዜ ከተደረሰበት ዶክሲሳይክሊን ወይም አሞክሳሲሊን ለሁለት ሳምንት ያህል፣ መገጣጠሚያ ከነካ ደግሞ ለ28 ቀን ይወሰዳል። አብዛኛው ሰው በዚህ ይድናል። የእህቴም ፊት በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ተመለሰ። ይሁን እንጂ ከታከሙት መካከል ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ድካም፣ ቁርጥማትና የማሰብ ችግር ከስድስት ወር በላይ ይቆይባቸዋል። እህቴ ከእነዚህ አንዷ ሆነች።

ያን ጊዜ እንዴት ብዬ ልግለጸው? ቡና ልታፈላ ረከቦቱ ፊት ትቀመጥና ቡናው ሳይቆላ ጉልበቷ ያልቃል። የአብሮ አደጎቿ ስም ከአፏ ይጠፋል። ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ እንዳልተኛ ሰው ትነሣለች። ከሁሉ የከፋው መልኳ ደህና መሆኑ ነበር። ሠርግና ልቅሶ ስትቀር «ኮርታለች» ተባለች። አንድ ሐኪም የደም ውጤቷን አገላብጦ «ሁሉም ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» ብሎ ሸኛት። ያን ዕለት መኪና ውስጥ «እኔ ራሴን አላውቅም ማለት ነው?» አለችኝ።

የበሽታው ታሪክ ራሱ በእንዲህ ያለ ሐኪም ላይ ይመሰክራል። ስሙን ያገኘው በኮነቲከት ግዛት ካለችው ላይም ከተባለች ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ የምትኖር ፖሊ መሪ የተባለች እናት ከነቤተሰቧ ለዓመታት ስትታመም ብዙ ሐኪሞች አላመኗትም። እሷ ግን የራሷን፣ የልጆቿንና የጎረቤቶቿን ሕመም እየመዘገበች እ.ኤ.አ. በ1975 ለግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት አመለከተች። ጁዲት ሜንሽ የተባለች ሌላ እናትም እንዲሁ አደረገች። በዚህ ምክንያት የየል ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አለን ስቲር ምርመራ ጀመረ፤ በ1981 ደግሞ ዊሊ በርግዶርፈር የተባለው ተመራማሪ ባክቴሪያውን መዥገር ውስጥ አገኘው። ሳይንሱ የተጀመረው የእናቶችን ቃል ከሰማ በኋላ ነው።

ያልታመነ ሕመምተኛ የሚያምነውን ፍለጋ ይሄዳል። እህቴም ኢንሹራንስ የማይቀበል አንድ ክሊኒክ አገኘች። እዚያ ሰሟት፣ አዘኑላት፣ ከዚያም ባክቴሪያው ሰውነቷ ውስጥ ስለተደበቀ ለወራት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል አሏት። የማኅበር ጓደኞቿ ገንዘብ ለማዋጣት ተነሡ፤ ወንድማችንም መኪናውን ሊሸጥ ቆረጠ። እኔ ግን አንድ ብር ከመውጣቱ በፊት ጥናቶቹን ልይ ብዬ ለመንኳቸው።

ይህ ሕክምና ብዙ ጊዜ ተፈትኗል። በ2001 ውጤቱ በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ አንድ ወር በደም ሥር ሁለት ወር በአፍ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው ሕመምተኞች መድኃኒትነት የሌለው ማስመሰያ ከተሰጣቸው የተሻለ ለውጥ አላገኙም። በ2016 የታተመው የኔዘርላንድ ጥናት ደግሞ 280 ሰዎችን ይዞ፣ ከመጀመሪያው የሁለት ሳምንት ሕክምና በኋላ 12 ሳምንት አንቲባዮቲክ መጨመሩ ምንም ብልጫ እንደሌለው አሳይቷል። ጉዳቱ ግን የታወቀ ነው። ደም ሥር ውስጥ ለወራት በሚቀመጠው ቱቦ በኩል ሌላ ኢንፌክሽን ይገባል፤ በዚህ ሳቢያ የሞቱ ሰዎች አሉ።

ክሊኒኩ ያላት ሌላ ነገርም ነበር፤ «ከመድኃኒቱ በኋላ ከባሰብሽ ባክቴሪያው እየሞተ ነው ማለት ነው»። ይህ ከእውነት ላይ ተቆርሶ የተወሰደ ነው። የላይም ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ የሆነውን፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳት የአገራችን ሐኪሞች ጠንቅቀው ያውቁታል። የግርሻ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱም ይንራል። በ1996 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ አንድ ጥናት የተሠራው ይህንኑ ለመከላከል ነው፤ ሕሙማኑ ኢትዮጵያውያን፣ ቦታውም አዲስ አበባ ነበር። ያ መባባስ ግን በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ያልፋል። ለወራት እየባሰበት ያለን ሰው «እየዳንክ ነው» ማለት ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ታዲያ ተስፋው የት አለ? የኔዘርላንዱን ጥናት ሳነብ ያጽናናኝ አንድ ነገር አገኘሁ፤ ማስመሰያ የተሰጣቸውን ጨምሮ በሁሉም ምድብ ያሉት ሰዎች ኑሮ ከጥናቱ መጀመሪያ ይልቅ ተሻሽሎ ነበር። የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከሉም አብዛኞቹ በጊዜ ሂደት እንደሚሻላቸው፣ ይህም ብዙ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። የሕመሙን ምክንያት በተመለከተ ክርክሩ አላለቀም። አንዳንዶች የሰውነት መከላከያ ኃይል ከልክ በላይ ተነሥቶ አልበርድ ማለቱን ይጠረጥራሉ፤ በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ የባክቴሪያው የግድግዳ ስባሪ ላይም በያዛቸው ሰዎች መገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ከሕክምና በኋላም ተርፎ መገኘቱን አስታውቋል። ሕመሙ የፈጠራ አለመሆኑን ለመቀበል ግን የክርክሩን መጨረሻ መጠበቅ አያስፈልግም።

እህቴ ክሊኒኩን ተወች። በምትኩ ሌላ ሐኪም አገኘን፤ ይህቺ ሐኪም «ሕመምሽ እውነት ነው፤ አንድ መድኃኒት የለኝም፣ ግን አልተውሽም» አለቻት። ከዚያ ሊታከም የሚችለውን ሁሉ እየለየች አከመች። የደም ማነስ ተገኘባትና ብረት ታዘዘላት። እንቅልፍ ላይ ትንፋሿ እንደሚቆራረጥ ታወቀና ማሽን ተሰጣት። ለድብርቷም መድኃኒት ጀመረች። ፊዚዮቴራፒስቱ ከአቅሟ በታች እንድትራመድ፣ ሳይደክማት እንድታርፍ አስተማራት፤ በደህናዋ ቀን ሁሉን ልሥራ ስትል በማግስቱ ትወድቅ ነበርና። ለውጡ በቀን አልታየም፣ በወቅት ታየ። መጀመሪያ ስሞች ወደ አፏ ተመለሱ። ቀጥሎ ሥራ በግማሽ ቀን ጀመረች። ባለፈው ፋሲካ ዶሮውን ራሷ ሠርታ ቤት ሙሉ እንግዳ አስተናግዳለች። ዛሬም የሚያማት ቀን አለ፤ ሕይወቷ ግን ተመልሶላታል።

ከአገር ቤት እናታችን ስትደውል የምታነሣው ጠበል ነበር። እህቴ እዚህ ባለው ቤተ ክርስቲያን ትጠመቃለች፤ ሐኪሟም ታውቃለች። ያጽናናታል፤ ሰው መሀልም ያውላታል። የቀድሞው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒትን አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ የተናገሩት ቃል ለላይም ሕመምተኛም ይሠራል። መድኃኒቱን አቁሚ የሚላት ከመጣ ግን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ልንከለክለው ይገባል።

ወደፊትም ብሩህ ነገር ይታያል። ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ከላይም በኋላ ሕመማቸው የቀጠለባቸውን ሰዎች ለዓመታት እየተከታተሉ የሚያጠኑ አሉ። ኮቪድ ካለፈ በኋላ የሚቆየው ሕመም በሚሊዮኖች ላይ ሲታይ ዓለም ኢንፌክሽን ከሄደ በኋላ የሚቀር በሽታ መኖሩን ተቀብሏል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች በ2025 ባወጡት ሪፖርት የሕመሙ ሥር እስኪታወቅ ሳይጠበቅ ሕክምናዎች እንዲፈተኑ መክረዋል። በ1998 ተፈቅዶ በ2002 ከገበያ ከወጣው የላይም ክትባት ወዲህ ፋይዘርና ቫልኔቫ ያዘጋጁት አዲስ ክትባት በሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ተሞክሯል።

ምርምሩ እስኪደርስ ግን እኛ የምንችለው አለ። ሐኪሞች ሆይ፣ ውጤቱ ደህና ነው ብላችሁ ፋይሉን አትዝጉ፤ ቀጣይ ቀጠሮ ስጡ። ሕመምተኛዋ ሆይ፣ በዓመት ለሚመጣ ጤና ዛሬ ቤትሽን አትሽጪ፤ ኢንሹራንስ የማይነካውን የወራት መርፌ ከመጀመርሽ በፊት ሁለተኛ ሐኪም ጠይቂ። ዘመድና ጓደኛ ደግሞ «ደህና ትመስያለሽ» ማለቱን ትቶ ወጥ ሠርቶ ይሂድ፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ያምጣላት፣ ማኅበሩ ሲደርሳት ተራዋን ይውሰድላት። እህቴን ካዳኗት ነገሮች አንዱ፣ ለምን እንደደከማት ሳይጠይቁ በየሳምንቱ ይመጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። እንደ እነሱ ያሉ ሰዎች በእያንዳንዱ ማኅበራችን ቢኖሩ ብዙ ሕመምተኞች ጤናቸው እስኪመለስ የሚቆዩበት አቅም ያገኛሉ።