ጄነሬተሩ ሲተኩስ

መብራት በጠፋ ቁጥር የሰፈራችን ጄነሬተሮች ይነሳሉ፤ አንዳንዱም «ጧ!» እያለ ልጆችን ያስደነግጣል። የእኛ ሲተኩስ መካኒክ ከመጥራቴ በፊት አንድ ነገር አጣራለሁ፦ የተኮሰው መቼ ነው?

ሲጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ብልሽት አይደለም። ጭነት ላይ ያለ ሞተር በድንገት ሲጠፋ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጋለው ማርሚታ ገብቶ እዚያ ይቀጣጠላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ነቅዬ፣ ጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት አሠርቼ አጠፋዋለሁ።

እየሠራ ሳለ በጭስ ማውጫው ከተኮሰ፣ ቾኩ ተዘግቶ እንዳልቀረ አያለሁ። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን፣ ከዚያ ካንዴላውን። የጠቆረ ካንዴላ እሳቱ ደካማ ስለሆነ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ያልፋል።

በካርቡሬተሩ በኩል ከሆነ የምጠረጥረው ቤንዚኑን ነው። ከ30 ቀን በላይ የተቀመጠ ቤንዚን እየተበላሸ ካርቡሬተሩን ይደፍናል፤ ለሞተሩም የሚደርሰው ነዳጅ ያንሳል። በአዲስ ቤንዚን ቀይሩት፤ ካርቡሬተሩም ይጽዳ። ይህም ካላቆመው ቫልቩን ወይም የእሳቱን ሰዓት ባለሙያ ይይልህ ብላችሁ ስጡት።

ካንዴላ የሚነቀለውም፣ ቤንዚን የሚጨመረውም ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ነው።

ድምፁ ጎረቤት ይረብሻል ብላችሁ ግን ጄነሬተሩን ወደ ቤት ወይም ኮሪደር አታስገቡት። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ቤተሰብ ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ለተኩሱ ጎረቤትን ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል።