ስለ ጅቡቲ ጠረፍ አውሎ ነፋስና ስለ ነጋዴው ሠራተኞች

የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ሸቀጥ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፥ በዚያ ጠረፍ የሚነሣው ነፋስ የአዲስ አበባን ነጋዴ አይመለከተውም ሊባል አይቻልም። ቡና ላኪውም ሆነ ብረት አስመጪው በወደቡ ወኪል፥ ጸሐፊ፥ የመጋዘን ዘበኛና የካሚዮን ነጂ አለው። ለዕቃው የባሕር መድን ይገባለታል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ማዕበል ሲመጣ የት እንደሚጠለሉ አስቀድሞ የወሰነ ነጋዴ ብዙ አይመስልም።

አውሎ ነፋስ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ዘልቆ መግባቱ ብርቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ሳጋር» የተባለው ማዕበል ባሕረ ሰላጤውን ወደ ምዕራብ አቋርጦ ግንቦት 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በሶማሌላንድ በኩል ወደ የብስ ወጣ። በዚያ አገር ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የከብቱም ጥፋት ብዙ ነበር። በጅቡቲ ከተማ ደግሞ የአንድ ዓመት ያህል ዝናም በአንድ ቀን ገደማ ወርዶ ቤቱንና መንገዱን አጥለቀለቀው። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. «ጋቲ» የሶማሊያን ጠረፍ በሐፉን አጠገብ መታ። ማዕበሉ በዚያ ባሕር የሚበረታው በግንቦትና በሰኔ፥ ደግሞም በጥቅምትና በኅዳር ስለ ሆነ፥ ዝግጅቱ ከሚያዝያና ከመስከረም ማለፍ አይገባውም።

ብዙ ሰው የሚፈራው ነፋሱን ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ግን ውሃ ነው። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚታየው የአምቡሊ ወንዝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞልቶ ይወርዳል። ስለዚህ በወንዝ ዳር ወይም በዝቅተኛ የባሕር ዳር የሚያድር ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው እንደ ተሰማ ወደ ከፍተኛ ስፍራ መሄድ አለበት፤ መሸም ነጋም አይባልም።

ቦታው ከፍ ያለ ከሆነ ቤቱን ማጠንከር ይበቃል። የላላ የቆርቆሮ ሚስማር አስቀድሞ ይመታ፤ ይህን ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ከቶ አይቆጠርም። ነፋሱ እንዲያልፍ አንድ መስኮት ክፍት መተው ይጠቅማል የሚሉ አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው፤ በአንዱ ቀዳዳ የገባ ነፋስ ጣራውን ከውስጥ ገፍቶ ያነሣዋል። በግቢው የተጣለ ባዶ በርሜልና ሳንቃ ሁሉ ወደ ቤት ይግባ። ለያንዳንዱ ሰው በቀን 4 ሊትር ሒሳብ ቢያንስ የ3 ቀን ንጹሕ ውሃ ይቀመጥ። የጭነት ሰነዱና የሒሳብ መዝገቡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከወለል ከፍ ይበል፤ ግልባጩም አዲስ አበባ ይኑር። ማዕበሉ ሲደርስ ሰው ሁሉ መስኮት በሌለው በውስጠኛው ክፍል ይቀመጥ። ነፋሱ በድንገት ጸጥ ቢል የማዕበሉ መካከል ሊሆን ስለሚችል፥ ነፋሱ በሌላ አቅጣጫ ይመለሳልና ማንም አይውጣ። መብራት ጠፋ ተብሎ ጄኔራተር በቤት ውስጥ ቢነሣ ጢሱ ተኝተው ያሉትን ይገድላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የነጂውና የዘበኛው ጉዳይ ነው። ከጉልበት በታች የሆነ ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ ከባዱም ካሚዮን ቢሆን ከውሃው በታች መንገዱ ተሸርሽሮ እንደ ሆነ ነጂው ሊያይ አይችልም። ነጂው ይህን አያጣውም። ነገር ግን ከጋላፊ ወይም ከደወሌ ወዲያ ሳለ «ዕቃው ነገ ይድረስ» የሚል ስልክ ከአሠሪው ቢመጣለት፥ እንጀራውን ፈርቶ ወደ ውሃው ይገባል። ዘበኛውም እንዲሁ የስኳርና የሲሚንቶ ከረጢት ሲጠብቅ ይቀራል። ከረጢቱ በሳንቃ ላይ አስቀድሞ ከፍ ብሎ ቢደረደር ኖሮ ዘበኛው በዚያ ሌሊት ምንም የሚያደርግለት ነገር የለም።

ስለዚህ አሠሪው ለወኪሉ በጽሑፍ ትእዛዝ መስጠት ይገባዋል፤ ይኸውም ማስጠንቀቂያ ሲነገር ካሚዮን ሁሉ ባለበት ደኅና ስፍራ እንዲቆም፥ መጋዘኑ ተቆልፎ ዘበኛው እንዲሄድ፥ የዚያም ቀን ደመወዝ እንዳይቆረጥ ነው። በወደብ የሚጨምረው የመቆያ ኪራይ በአሠሪው ሒሳብ እንደሚያዝ በደብዳቤው ይገለጽ፤ ደብዳቤውም ከግንቦት በፊት በያንዳንዱ ነጂ እጅ ይግባ።