ስለ ቢስክሌት ኮርቻ ቍስል

ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በበቅሎ የሚሄድ ሰው በቅሎው እንዳትገጠብ ከኮርቻው ሥር ያለውን ንጣፍ ደጋግሞ ይመለከታል። በቢስክሌት የሚሄደው ግን ራሱ ሲገጠብ መታገሡን እንደ ጀግንነት ይቈጥረዋል። እኛ ይህን ጀግንነት አንለውም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባ የፈጸሙት ከ187 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ በትዕግሥት ብቻ የሚዘለቅ አይደለም።

ቍስሉን የሚያመጡት መፋተግና ላብ ናቸው። ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዳሌ ወዲያና ወዲህ ስለሚወዛወዝ ቆዳ ይላጣል፤ ስለዚህ መርገጫው ወደ ታች ሲወርድ ጕልበት ጥቂት ታጥፎ እንዲቀር ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ይገባል። ሱሪውም ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ስፌቱም የማይቈረቍር ይሁን። በየሩብ ሰዓቱ ከኮርቻው ብድግ ማለት ይጠቅማል፤ በቤት ውስጥ በቆመ ቢስክሌት የሚለማመድ ሰው ግን ዳገትና ቍልቍለት ስለማያነሣው ከዚህ አብልጦ ይነሣ። ሲወርዱ ወዲያው ታጥቦ መድረቅ ነው። እብጠቱ መግል የቋጠረ እንደ ሆነ ግን ቢስክሌቱን አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።