ይድረስ ለኮንሶው ሸማኔ

ጋሼ፣ ይህን የምጽፍልዎ ከቦረና፣ ከአሬሮ ነው፤ ምስጋናው ዘግይቷልና ይቅርታዎን አስቀድሜ ልለምን።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ እዚሁ ወረዳችን፣ ባዳሳ፣ 71ኛው የቦረና አባገዳ ኩራ ጃርሶ ሥልጣናቸውን ለጉዮ ቦሩ አስረክበዋል። በርክክቡ ላይ የካሜራው ብዛት ጉድ ያሰኝ ነበር። ስለ በትሩ ተወራ፣ ስለ ጥምጥሙ ተወራ፣ የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ስለ መመዝገቡም ተወራ። ሽማግሌዎቹ የደረቡትን ነጭ ልብስ ማን ሸመነው ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ግን አላጋጠመኝም። ሁሉም የእርስዎ እጅ ሥራ ነው አልልም፤ የፋብሪካ ጨርቅም ሞልቶ ነበር። ቢሆንም የኮንሶ ቡልኮ ከሩቅ ይለያል። ነፋስ ሲመጣ እንደ ስስ ጨርቅ አይውለበለብም፤ ከትከሻ ላይ ከብዶ ይወርዳል፤ ሰውየውም አረማመዱን ረጋ ያደርጋል።

የቦረና ሰው ከብት አርቢ ነው፤ ጥጥ ዘርቶ መሸመን ልማዱ አይደለም። ጨውና ከብት ወደ እናንተ ሲወጣ፣ ቡልኮ ወደ እኛ ሲወርድ ኖሯል። አያቴ ፎራ ወደምንለው የሩቅ ግጦሽ ወርደው ከከብት ጋር ሲያድሩ ከእርስዎ ቡልኮ በቀር መኝታ አልነበራቸውም። ቀን ይለብሱታል፣ ሌሊት ይከናነቡታል፣ ብርድ ሲጠና አዲስ የተወለደ ጥጃ ያለብሱበታል። ጠርዙ ሲተለተል ሴት አያቴ ይሰፉታል እንጂ ይጣል የሚል ሰው በቤታችን አልነበረም።

እናንተ ከተማ ካራት ሄጄ አንድ ባልደረባዎን ሲሠሩ አይቻለሁ። እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው፣ ድሩን ፊታቸው ወጥረው፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካሉ። ክር ሲበጠስ ጣታቸውን በምራቅ ነካ አድርገው ቀጠሉት፤ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ሳስበው፣ ገበያ ላይ ዋጋ ለማስቀነስ የምንከራከረው ክርክር አሳፈረኝ።

ይበልጥ ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ባለእጅ በእናንተም ዘንድ ከገበሬው ጋር እንዳይጋባ ተለይቶ መኖሩን ሰማሁ። መሀል አገርም ከዚህ አይሻልም፤ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለ ሲሰድብ ኖሮ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ሰዳቢው ራሱ የለበሰው ሸማ መሆኑ ነው የሚገርመው!

የሸማኔ ሙያ የተከበረበት ቦታም አለ፤ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሃንሳን የሚባል አካባቢ። ራሚ ከሚሉት ተክል ልጥ ሞሲ የተባለ ስስ የበጋ ልብስ ይሸምናሉ። ሴቶቹ ልጡን በጥርሳቸው ይሰነጥቁታል፣ ጉልበታቸው ላይ እያሹ ይቀጥሉታል። አየር ሲደርቅ ክሩ ስለሚበጠስ እርጥበት ያለበትን ቦታ ይመርጣሉ። ይህ ሙያቸው እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ተመዘገበ። የኮንሶም መልክዓ ምድር በዚያው ዓመት ተመዝግቧል፤ የተወደሰው ግን እርከኑና የድንጋይ ቅጥሩ ነው። እርከኑ ላይ ከማሽላው ጋር የሚበቅለው ጥጥ ወዴት እንደሚሄድ የሚከታተል ሰው ቢኖር ኖሮ እርስዎ ጉድጓድ ደጃፍ ላይ ይደርስ ነበር። በእኔ ግምት ከሃንሳን ሴቶች የሚያንስ ሙያ የለዎትም።

እንግዲህ ስለ አያቴ ሌሊቶች፣ ስለ ሽማግሌዎቻችን ግርማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አጎቴ ደግሞ ትእዛዝ አላቸው። ቀጣዩ የአባገዳ ሥልጣን ርክክብ በ2025 ዓ.ም. ነው፤ ከአሁኑ ይሠራልኝ ይላሉ። ወፈር ያለ ይሁንላቸው፣ ጥለት አይፈልጉም፤ ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ ርዝመቱን ጨመር ያድርጉበት። በተልተሌ በኩል ለሚመጣ ነጋዴ ይስጡልን። ዋጋውን ግን በወረቀት ጽፈው ለብቻው ይላኩልን፤ ነጋዴው ይጨምርበታል።