ከ12 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ በሞንቴሶሪ ትምህርት ቤት ምን ይማራል?

ልጅ ለማሳደግ የሚደክሙ ወላጆች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እስከ 11 ወይም እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ትምህርቱን በደስታ ሲከታተል የኖረ ልጅ ከዚህ ዕድሜ በኋላ በድንገት መለወጡ ነው። መጽሐፉን ዘርግቶ ይተክዛል፤ የተነገረውን ይረሳል፤ ትንሽ ቃል ያስቈጣዋል፤ ከአባቱና ከእናቱ ምክር ይልቅ የጓደኞቹን ይሰማል። አባት ስንፍና ነው ብሎ ይገሥጻል፤ እናት ዓይነ ጥላ አድሮበት ይሆን ብላ ትጨነቃለች፤ መምህሩም በበኩሉ የቤት ሥራውን ያበዛበታል። በዚህም ሁሉ ልጁ አይሻሻልም።

ስለዚህ ዕድሜ ከጻፉት ሊቃውንት መካከል አሳብዋ ከብዙዎቹ የተለየው ዶክቶር ማርያ ሞንቴሶሪ ናት። ይህች ሴት በ1870 ዓ.ም. (በዚህ ጽሕፈት የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኢጣልያ አገር ኪያራቫሌ በምትባል ከተማ ተወልዳ፥ በ1896 ዓ.ም. ከሮማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ትምህርት ተመረቀች። በ1907 ዓ.ም. ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የሮማ የድኾች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ከፈተች፤ ስሟም በዓለም የታወቀው ለሕፃናት ባዘጋጀችው በዚህ ትምህርት ነው። የሙሶሊኒ መንግሥት በመጀመሪያ ደግፏት ነበር፤ ነገር ግን የልጅን አሳብ ነጻ አድርጎ ማሳደግና ልጅን በጥቍር ሸሚዝ ማሰለፍ በአንድነት የሚሄዱ ነገሮች አይደሉምና ሳይስማሙ ቀሩ። እርስዋም በ1934 ዓ.ም. አገሯን ትታ ወጣች፤ ይኸውም ያ መንግሥት አገራችንን ከመውረሩ አንድ ዓመት አስቀድሞ ነው። ከዚያም በስፓንያ፥ በሕንድና በሆላንድ ስትሠራ ኖራ በ1952 ዓ.ም. በሆላንድ ዐረፈች።

ሞንቴሶሪ የሰውን እድገት በስድስት በስድስት ዓመት ትከፍለዋለች። ከ12 ዓመት የሚጀምረው ሦስተኛው ክፍል ከመጀመሪያው የሕፃንነት ክፍል ጋር ይመሳሰላል ትላለች፤ ሁለቱም ሰውነት በፍጥነት የሚለወጥባቸውና ጤና የሚደክምባቸው ዘመናት ናቸውና። ሕፃን ወደዚህ ዓለም እንደሚወለድ፥ የ12 ዓመት ልጅም ወደ ሰዎች ማኅበር እንደ አዲስ ይወለዳል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚታየው የአእምሮ ድካም የክፋት ምልክት ሳይሆን የእድገት ሥራ ነው። ሐኪም በመሆንዋ ይህን አሳብ ከሰውነት ጀምራ ማየትዋ ከሌሎች መምህራን የለያት ይመስለናል።

ታዲያ ለዚህ ዕድሜ የሚገባው ትምህርት ምንድር ነው? በ1948 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ ስለ ልጅነትና ስለ ጕርምስና ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ አሳብዋ ተገልጿል። ልጆቹ ከከተማ ወጥተው በገጠር እርሻ ባለበት ቤት በአንድነት ይቀመጡ፤ መሬቱን ያልሙ፤ ያመረቱትን የሚሸጡበት ሱቅ ይኑራቸው፤ ሊጠይቋቸው የሚመጡ ወላጆች የሚያድሩበትን የእንግዳ ማረፊያ ራሳቸው ያስተዳድሩ፤ ልዩ ልዩ መኪናዎችን የሚመረምሩበትና የሚጠግኑበት ቦታም ይዘጋጅላቸው ትላለች። እነዚህንም ልጆች በጀርመንኛ «ኤርድኪንደር» ብላ ሰየመቻቸው፤ ትርጕሙ የምድር ልጆች ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተከበረ አባት «እኔ ልጄን ወደ ትምህርት ቤት የላክሁት ዶሮ እንዲያረባና ድንች እንዲቆፍር ነውን?» ብሎ እንደሚቈጣ እናውቃለን። ቍጣው በከንቱ የመጣ አይደለም። በብዙ አገር፥ በእኛም ዘንድ፥ የእጅ ሥራ የተናቀ ሆኖ ኖሯል፤ ቀጥቃጩና ሸማኔው በሙያቸው ሲሰደቡ የሰማ ልጅ ቀለም መቍጠር ከሥራ ማምለጫ መንገድ ይመስለዋል። ሞንቴሶሪ ግን ልጆቹ ገበሬ ይሁኑ አላለችም። አሳብዋ ልጁ የሚበላው እንጀራ ከየት እንደሚመጣና ገንዘብ በምን ድካም እንደሚገኝ በገዛ እጁ ሠርቶ ይወቅ የሚል ነው። ነገ ሰውን ለሚያዝዝና በሌላው ድካም ላይ ለሚፈርድ ልጅ ይህ እውቀት ለሌላው ከሚያስፈልገው ይበልጥ ያስፈልገዋል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ትምህርቱም ከሥራው የተለየ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ንብ ማነብን እንመልከት። ልጆቹ አንድ ቀፎ በተቀበሉ ጊዜ በመጀመሪያ የአውራይቱን፥ የሠራተኞቹንና የድንጕላዎቹን ኑሮ ማጥናት አለባቸው፤ ይህ የሕያዋን ፍጥረታት ትምህርት ነው። ቀጥሎም የሰሙ ዓይን ስለ ምን ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነ ብለው ይጠይቃሉ። መልሱን ለማግኘት ክፍተት ሳይተዉ እርስ በርሳቸው የሚጋጠሙትን እኩል ጐን ያላቸውን ሦስት ማዕዘን፥ አራት ማዕዘንና ስድስት ማዕዘን በወረቀት ላይ ሥለው ይለካሉ፤ ለአንድ ዓይነት ስፋት ከሁሉ ያነሰ ዙሪያ ያለው፥ ስለዚህም ሰም የሚቈጥበው፥ ስድስት ማዕዘኑ መሆኑን በሒሳብ ይደርሱበታል። የጥንት ግብጻውያን ንብ ያነቡ እንደ ነበር በመቃብሮቻቸው ላይ ከተገኘው ሥዕል ሲማሩ ወደ ታሪክ ይገባሉ። ማር ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀመጥ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል እንዴት እንደሚለውጠው ሲመረምሩም የኬሚስትሪ ትምህርት ይሆናል፤ (ይህን ፈተና የእኛ ባልቴቶች ያለ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ከጥንት ጀምሮ አልፈውታል።)

ማሩ ከተቈረጠ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። ቀፎውና ብርጭቆው ስንት ወጣበት? በስንት ቢሸጥ ኪሳራ አይደርስም? ትርፉ ለአዲስ ቀፎ ይዋል ወይስ ለመጻሕፍት? ይህን መምህሩ አይወስነውም፤ ልጆቹ ሸንጎ ተቀምጠው ተከራክረው ይወስናሉ፤ አንዱም ገቢውንና ወጪውን በመዝገብ ይጽፋል። በገዛ ገንዘቡ የመቶኛ ስሌት የሠራ ልጅ በመጽሐፍ ብቻ ካየው ልጅ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

በእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት አልጀብራና ጂኦሜትሪ፥ የአገር ቋንቋና የውጭ ቋንቋ፥ የምድርና የፍጥረታት ጥናት፥ የሰው ልጅ የሥልጣኔ ታሪክ ሁሉ አሉ። ሙዚቃ፥ ሥዕልና ቴያትርም እንደ መዝናኛ ብቻ የሚቈጠሩ አይደሉም፤ በዚህ ዕድሜ ልጁ በልቡ የሚመላለሰውን በቃል ሊናገረው ስለማይችል መግለጫ ይሆኑታል። ልጆቹ አንድ መጽሐፍ አንብበው ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይወያያሉ፤ መምህሩም ይጠይቃል እንጂ ትርጓሜውን አስቀድሞ አይሰጥም። በየ40 ደቂቃው ደወል እየተደወለ ትምህርት አይቋረጥም፤ ለአንድ ሥራ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይፈቀዳል። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ልጆችም በአንድ ክፍል ሆነው ታላቁ ታናሹን ያስረዳል፤ ይህስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሞንቴሶሪ ያሰበችውን የገጠር ትምህርት ቤት በሕይወትዋ ሳለች ሙሉ ሆኖ አላየችውም። በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የሞንቴሶሪ ሊሴ በከተማ መካከል የሚገኝ ሲሆን ተማሪዎቹን ለአገሪቱ የመንግሥት ፈተና ያዘጋጃል። ወደ አሳብዋ ከቀረቡት አንዱ በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ አገር ሃንትስበርግ በሚባል ስፍራ በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ልጆቹ ከከብቶችና ከአትክልት ጋር ይኖራሉ፤ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፥ ሌሊቱ በረዶ ቀኑ ሙቅ በሚሆንበት ጊዜ፥ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ ጣፋጭ ፈሳሽ ይቀዳሉ። 40 ሊትር ያህል ፈሳሽ ሲፈላ 1 ሊትር ያህል ሽሮፕ ይወጣዋል። ይህን ያህል እንጨት ተሸክሞ እሳት የጠበቀ ልጅ የሽሮፑ ዋጋ ስለ ምን ውድ እንደ ሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። እርሻ፥ ማደሪያ ቤትና ብዙ መምህራን ብዙ ገንዘብ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ የድኾችን ልጆች በማስተማር የተጀመረው ሥራ በብዙ አገር ክፍያው ለባለጸጎች ብቻ የሚቻል ሆኗል። በከተማ ያሉት ትምህርት ቤቶችም በእርሻው ፈንታ ትንሽ አትክልት ያለሙና ዳቦ ወይም ሻማ የሚሸጥበት መደብ ያቆማሉ። ይህ መልካም ነው፤ ሆኖም ዳቦውን ሁልጊዜ የሚገዙት አባትና እናት ብቻ ከሆኑ ልጁ ንግድን ሳይሆን የወላጆቹን ቸርነት ብቻ ይማራል። ደግሞም ሥራው ደስ አሰኝቶ ሒሳቡና ንባቡ የተዘነጋበት ቤት ስሙ ሞንቴሶሪ ቢሆንም ልጁን ለፈተና ቀን ባዶ እጁን ያሰናብተዋል። ስሙን ማንም ሰው በደጃፉ ላይ ሊጽፈው ይችላልና።

ስለዚህ ልጁን በዚህ ዕድሜ ወደ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሊያስገባ የሚያስብ ወላጅ ሕንጻውን ከማየቱ አስቀድሞ የገቢና የወጪ መዝገቡን የሚጽፈው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። መምህሩ ከጠረጴዛው አውጥቶ ቢያሳየው ሥራው የመምህሩ ነው። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ሮጦ ቢያመጣውና ባለፈው ወር ስለ ምን እንደ ከሰሩ ሳያፍር ቢያስረዳው ግን፥ ወላጁ ተቀምጦ የቀሩትን ጥያቄዎች ለዚያው ልጅ ያቅርብ።