ያልታየ ስንጥቅ ይሰማል? ከአቃቂ የተነሣ ሙግት

የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ብረት የሚቀልጥባቸውና የሚበየድባቸው ፋብሪካዎችም እዚያው ናቸው። አንዷ ተመራማሪ፣ አንዱ የረጅም ጊዜ የጥራት ተቆጣጣሪ የሆኑ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጥያቄ ተለያይተዋል፦ በኮምፖዚት ላይ የሚደርስን ጉዳት ገና በጠዋቱ ለማወቅ በኢ-መስመራዊ አልትራሳውንድ ላይ አሁን ገንዘብና ጉልበት እናውጣ ወይ?

አሁኑኑ እንጀምር

ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን፣ ሂትሮው ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር አውሮፕላን ወደ ጅራቱ በኩል ጣሪያው ላይ እሳት ተነሣበት። ተሳፋሪ አልነበረበትም። መርማሪዎች መነሻውን ያገኙት አደጋ ሲደርስ አውሮፕላኑ ያለበትን በሚጠቁም መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወደ በረራ ተመለሰ።

የተቃጠለው አካል አልሙኒየም አልነበረም። የድሪምላይነር ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነው፤ በተለይ አካሉ ካርቦን ፋይበር በሬዚን እየተጣበቀ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ ሆኖ የተሠራ ነው። እሳት ያጠቆረውን ዓይን ያየዋል። ከጠቆረው አለፍ ብሎ ግን ሙቀት ሬዚኑን ያደከመው፣ ሲያዩት ደህና የሚመስል ቦታ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጉዳት የገጠመው ጠጋኝ «እስከዚህ ተቆርጦ ይውጣ» ብሎ መስመር የሚያሰምረው የት ላይ ነው? እንቅልፍ የሚነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

የተለመደው አልትራሳውንድ ድምፅ ልኮ የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። በ5 ሜጋኸርዝ፣ ካርቦን ኮምፖዚት ውስጥ የሞገዱ ርዝመት ከግማሽ ሚሊሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከዚያ እጅግ ያነሰ ስንጥቅ፣ ወይም አፉ ግጥም ያለ ስንጥቅ፣ የሚረባ ማሚቶ አይሰጥም፤ ይታለፋል። ኢ-መስመራዊው ዘዴ የሚያዳምጠው ሌላ ነገር ነው። 2 ሜጋኸርዝ ልኮ 4 ሜጋኸርዝ ይሰማ እንደሆነ ይፈትሻል። ሞገዱ ሲገፋ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ሲስብ ይከፈታል፤ እንደ ሁለት መዳፍ ያጨበጭባል። ያልተላከውን ድምፅ የሚወልደው ይህ ጭብጨባ ነው።

ጋሼ፣ «ይህ የአየር መንገድ ጉዳይ ነው» ይሉኝ ይሆናል። አዳማን ይመልከቱ። በሁለቱ የአዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች 136 ተርባይኖች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ክንፍ አላቸው። ክንፉ ከ35 ሜትር የሚበልጥ ፋይበር ግላስ ነው፤ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይቃናል። እንዲህ ያለ ክንፍ በተለምዶ የሚታሰብለት ዕድሜ 20 ዓመት ነው። ቀኑ ሲደርስ «ይቀጥል» ወይም «ይውረድ» ብሎ የሚወስነውን ባለሙያ ከየት ልናመጣ ነው?

መጀመሪያ የያዝነውን እንወቅ

እህቴ፣ ስለ ጭብጨባው ያልሽው እውነት ነው። ነገር ግን ያ ድምፅ ከዋናው ጋር ሲመዘን እጅግ ደካማ ነው፤ ማጉያው፣ ፕሮቡ፣ የተቀባው ጄል ሁሉ የየራሳቸውን ይጨምሩበታል። ፕሮቡን ጫን ስትዪ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ላላ ስታደርጊ እንደገና ይቀየራል። ምንም ያልደረሰበት ኮምፖዚት እንኳ የዚህ ድምፅ የራሱ መጠን አለው። ክንፉ አዲስ ሳለ የተለካ ቁጥር በእጅሽ ከሌለ የዛሬውን ከምን ጋር ታነጻጽሪዋለሽ? ፋይበር ግላስ ደግሞ ድምፅ ይውጣል፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል። አንቺ የምትፈልጊው የተላከውን ፍሪኩዌንሲ እጥፍ ነው፤ ቀድሞ የሚጠፋውም እሱ ነው።

እኔ ጀማሪዎችን የማስተምረው በሳንቲም ነው። ፓኔሉን ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ጋ ሲደርሱ ጥርት ያለው ድምፅ ድፍን ይላል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ በአውሮፕላን ጥገና መመሪያዎች ውስጥ አለ። ከሱ በላይ የተለመደው አልትራሳውንድ አለ፤ እሱን በወጉ አንብቦ የሚፈርም ሰው ስንት አለን?

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የኮምፖዚት አውሮፕላን አካል የበረራ ፈቃድ የሚያገኘው ለዓይን በቀላሉ የማይለይ ምት ደርሶበትም የተወሰነለትን ከፍተኛ ጭነት እንደሚሸከም ከተረጋገጠ በኋላ ነው። እንግዲህ የአንቺ ቁጥር ከፍ ቢል ምን ላድርግ? ልቁረጥ ወይስ ልተው? ይህን የማይመልስ ልኬት አውሮፕላን ያስቆማል፣ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ሕይወት አያድንም።

መልስ

ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ምት ደርሶበትም ጭነቱን እንዲሸከም የሚያደርገው ያ ተጨማሪ ጥንካሬ በነጻ አይመጣም፤ በውፍረትና በክብደት ይከፈልበታል። ለወፍራም ፋይበር ግላስም እጥፉን የግድ ማሳደድ የለብንም። ክንፉን በዝግታ እያርገበገቡ በሌላ ከፍ ያለ ድምፅ ማዳመጥ ይቻላል፤ ስንጥቅ ካለ ሁለቱ ይደባለቁና በዋናው ድምፅ ግራና ቀኝ አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎች ይወጣሉ። ቁጥሩ ስንት ሲደርስ መቁረጥ እንዳለብን የሚነግረን ደግሞ ምርምር ነው፤ ሳንጀምረው መልሱን ሊጠይቁኝ አይገባም። ዩኒቨርሲቲው ደጃችን ነው።

የመጨረሻ ቃል

እንግዲያው እንፈትነው። ካርቦንና ፋይበር ግላስ ፓኔል እንቆራርጥ። ገሚሱን በመዶሻ እመታለሁ፣ ገሚሱን በሙቀት አደክማለሁ፣ የቀረውን አልነካም፤ የቱ የቱ እንደሆነ አልነግርሽም። አንቺ ትለኪያለሽ፤ ሌላ ባለሙያ በሌላ ቀን ይደግመዋል። ሁለታችሁ አንድ መልስ ካመጣችሁና መልሱ ትክክል ከሆነ፣ ገንዘቡ ይመደብ ብዬ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ያለው ገንዘብ የተለመደውን አልትራሳውንድ የሚያነቡ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ይዋል።