ዕፁ ይለያያል፣ ዝምታው ግን ያው ነው

«ኬምሴክስ» የሚለውን ቃል ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ወሲብን ለማርዘም ወይም ሀፍረትን ለማጥፋት ተብሎ ዕፅ መውሰድ ማለት ነው። ቃሉ ይበልጥ የታወቀው ለንደን ውስጥ፣ ከወንዶች ጋር ወሲብ በሚፈጽሙ ወንዶች ዘንድ ነው።

የሚወሰደው ነገር ግን እንደየአገሩ ነው። ለንደን ላይ ክሪስታል ሜዝ፣ ሜፈድሮንና ጂኤችቢ ይነሳሉ። ባንኮክና ታይፔ ላይ ክሪስታል ሜዝ ይበዛል፤ በገፍ የሚመረተው እዚያው አካባቢ፣ ምያንማር ውስጥ ነዋ! ኬፕታውን ላይ ይኸው ሜዝ «ቲክ» ይባላል፤ ወንዱም ሴቷም ይወስዱታል። ሰው የሚወስደው አጠገቡ በርካሽ ያገኘውን ነው።

አደጋው ቀላል አይደለም። ጂኤችቢ ከአልኮል ጋር ሲቀላቀል ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። «ተኝቷል፣ ተዉት» የተባለው ልጅ እየሞተ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ራሱን የሳተ ሰው «እሺ» ሊል አይችልም፤ እሱን መንካት ጥቃት ነው። እንግሊዝ በ2022 እ.ኤ.አ. በጂኤችቢ ላይ ሕጉን አጠበቀች። ነገር ግን ፖሊስ የሚፈራ ሰው አምቡላንስ ለመጥራትም ያመነታል።

በደቡብ ለንደን ሦስት ወረዳዎች የተካሄደና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጣው። ችግሩ ምን ነበር? የሱስ ማዕከሉ ሄሮይንና አልኮልን ያውቃል፣ ስለ ወሲብ አይጠይቅም። የአባላዘር ክሊኒኩ ኤችአይቪን ይመረምራል፣ ስለ ዕፅ አይጠይቅም። ሶሆ የሚገኘው «56 ዲን ስትሪት» ክሊኒክ ሁለቱን አንድ ጣሪያ ሥር በማገናኘት ነው ስሙ የታወቀው።

እኛስ ጋ? የእኛው ጫትና ጨብሲ ነው። ነገሩ ከኬምሴክስ ጋር አንድ አይደለም፤ ክፍተቱ ግን ይመሳሰላል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመና ከ20 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ያካተተ ጥናት፣ በየቀኑ አልኮል መጠጣትም ሆነ በየቀኑ መቃም ጥንቃቄ ከጎደለው ወሲብ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። በየቀኑ ከሚጠጡት ዘንድ ዕድሉ ከማይጠጡት ሦስት እጥፍ ነበር።

እስቲ አስታውሱ፦ ለኤችአይቪ ምርመራ ስትሄዱ «ስትቅሙ ወይም ስትጠጡ ያመለጣችሁ ነገር አለ?» ብሎ፣ ሳይገላምጥ የጠየቃችሁ ባለሙያ አለ? አገልግሎቱ መጀመር ያለበት ከዚህች ጥያቄ ነው። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ምስጢር የሚጠብቅና የማይፈርድ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ይበቃል። እስከዚያው ድረስ ጓደኛችሁ ራሱን ከሳተ ብቻውን አትተዉት፤ በጎኑ አስተኙትና እርዳታ ጥሩ። ሀፍረቱ ነገ ይደርሳል።